ማዘጋጀቱን ለማሽን፣ መላኩን ለሰው

ኢሜይሉ የወጣው ጠዋት ሥራ እንደገባን ነው። ርዕሱ «ረቂቅ 2፣ ምስሉ ይቀየር» ይላል። ሲከፈት ደግሞ «ሰላም ስም እዚህ ይግባ» ብሎ ይጀምራል። የደረሰው በዝርዝራችን ውስጥ ላሉ ደንበኞች በሙሉ ነው። «ላክ» የሚለውን የተጫነ ሰው ግን አልነበረም። አንዲት ባልደረባዬ የሥራ ሰሌዳችንን፣ እያንዳንዱ ሥራ እንደ ካርድ የሚቀመጥበትን የኮምፒውተር ገጽ፣ ስታስተካክል አንድ ካርድ ሳታስበው ወደ «ጸድቋል» ዓምድ ጎተተች። ወዲያው አይታ መለሰችው። ሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ለማሽኑ ግን በቂው ነበር።

ካርድ «ጸድቋል» ውስጥ ሲገባ ኢሜይሉን በራሱ የሚልከውን መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሥራ መከታተያን ከማርኬቲንግ ሶፍትዌር ጋር ስለማገናኘት የሚሰጠውን የተለመደ ምክር ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ምክሩ «አንዴ አገናኘው፣ ከዚያ እርሳው» የሚል ነው። ማገናኘቱን እደግፋለሁ። መርሳቱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገር። በአንድ በኩል ሥራ የምንከፋፍልበት መሣሪያ አለ፤ ትሬሎ ወይም አሳና እንበል። በሌላ በኩል ኢሜይልና ማስታወቂያ የምንልክበት አለ፤ ሜይልቺምፕ ወይም ሀብስፖት። በመሃል ደግሞ ኮድ ሳይጻፍ ሁለቱን የሚያገናኝ አገልግሎት ይገባል። ዛፒየር በዚህ ሥራ ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሜክም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ እስከ 2022 ድረስ ስሙ ኢንተግሮማት ነበር። ኤንኤይትኤን ደግሞ በራስ ሰርቨር ላይ ሊጫን ይችላል። የሁሉም አሠራር ተመሳሳይ ነው፦ እዚህ ይህ ሲሆን፣ እዚያ ያንን አድርግ። መነሻው ትሪገር ይባላል፣ የሚከተለው ሥራ አክሽን።

ጥቅሙ የሚታየው በጥቃቅን ነገር ነው። የዘመቻው፣ ማለትም ለደንበኞች በጅምላ የምንልከው ኢሜይል፣ ቀን ሰሌዳው ላይ ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ይቀየራል። ኢሜይሉ ግን ማክሰኞ እንደተቀጠረ ይቀራል፤ ምክንያቱም እዚያ ሄዶ የቀየረው ሰው የለም። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ ፔስት ሲደረግ የሊንኩ የመጨረሻ ፊደል ይቀራል። ይህን ዓይነት ስህተት ማሽን አይሠራም። የሰውንም ጊዜ ይቆጥባል። ይህን ጥቅም አይቼዋለሁ፣ ወደ ድሮው መመለስም አልፈልግም።

ችግሩ መስመሩ የት ላይ ይቁም የሚለው ነው። የእኔ አቋም አንድ ነው፦ ረቂቁ ላይ ይቁም። ካርዱ «ጸድቋል» ውስጥ ሲገባ ማሽኑ ርዕሱን፣ ጽሑፉንና ቀኑን ወስዶ ኢሜይል መላኪያው ውስጥ ረቂቅ ይሥራ። ከዚያ አንድ ሰው ይክፈተው፣ ያንብበው፣ ይላከው። በዛፒየር ውስጥ ለሜይልቺምፕ ዘመቻ መፍጠርና ዘመቻ መላክ ሁለት የተለያዩ አክሽኖች ናቸው። ሁለተኛውን አለመጨመር ብቻ ነው የሚጠበቀው። «ታዲያ አውቶሜሽን መሆኑ ምኑ ላይ ነው?» የሚሉኝ አሉ። መልሴ፦ ከሥራው ውስጥ አሰልቺውን ክፍል በሙሉ ማሽኑ ወስዶልናል፤ ለሰው የቀረው ማየት ብቻ ነው። ካርድ መጎተት ቀላል እንቅስቃሴ ነው፣ ጣትም ይስታል። በዚያ ላይ የሰሌዳ ዓምድ ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ትርጉም አለው። «ጸድቋል» ለዲዛይነሩ ምስሉ አልቋል ማለት ነው፤ ለጸሐፊዋ ደግሞ ጽሑፉ ታርሟል ማለት ነው። ለማሽኑ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

አንድ የተሳሳተ ኢሜይል ምን ያመጣል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ የመጣውን ደንብ ይመልከት። ጂሜይል፣ በብዛት የሚልኩ ሰዎች ኢሜይላቸው «ስፓም» (ያልተፈለገ መልእክት) ተብሎ የሚጠቆምበት መጠን ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈልጋል። ይህ ከ1,000 ሰው ሦስት ማለት ነው። የተበላሸ ኢሜይል፣ ከኋላው ደግሞ የይቅርታ ኢሜይል የደረሰው ሰው ስፓም የሚለውን ቢጫን አልፈርድበትም። ከዚያ በኋላ ግን ደህናው ኢሜይላችንም ሰው ጋ መድረስ ያቅተዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው ልሂድ። ሁሉም የሚያገናኘው ከሥራ ሰሌዳው ወደ ማርኬቲንጉ ነው። እኔ ከዚያ የበለጠ የምወደው የመልሱን መንገድ ነው። አንድ ሰው ድረ ገጹ ላይ ፎርም ሞልቶ «ደውሉልኝ» ይላል። ያ ጥያቄ ኢሜይል መላኪያው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ወይም ወዲያው የሥራ ካርድ ይሆናል፣ ኃላፊና ቀነ ገደብ ይዞ። ልዩነቱ ደንበኛው መልስ አገኘ ወይስ አላገኘም የሚለው ነው። ውጤትም እንዲሁ መመለስ አለበት። ዘመቻው ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ ቁጥሩ በዚያው ካርድ ላይ እንደ አስተያየት ይለጠፍ። ጽሑፉን የጻፈችው፣ ምስሉን የሠራው፣ ሁሉም የሥራቸውን ውጤት ያያሉ። ያለዚያ ሪፖርቱን የሚያየው መግቢያ ቃሉ ያለው ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። የሚለጠፈው ቁጥር ስንት ሰው ከፈተው የሚለው አይሁን። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ያመጣው የኢሜይል ግላዊነት ጥበቃ መልእክቱን ሰው ሳያየው ምስሎቹን አስቀድሞ ያወርዳል። መከፈቱ የሚታወቀው ደግሞ ምስሉ በመውረዱ ስለሆነ ያልተከፈተው እንደተከፈተ ይቆጠራል። ሊንኩን ስንት ሰው ተጫነ፣ ስንት ሰው ከዝርዝሩ ወጣ፣ ስንት ሰው መልስ ጻፈ የሚሉት ይሻላሉ።

በሁለቱም አቅጣጫ ስታገናኙ ግን ተጠንቀቁ። እዚህ የተቀየረው እዚያ ይቀይራል፣ እዚያ የተቀየረው ተመልሶ እዚህ ይቀይራል። ማቆሚያ የለውም። አገናኙ አገልግሎት የሚፈቅደው የወሩ ኮታም በአንድ ጀምበር ያልቃል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ቤት መስጠት ነው። ቀኑ የሚቀየረው ሰሌዳው ላይ ብቻ ነው፤ የደንበኛው አድራሻ የሚቀየረው ኢሜይል መላኪያው ውስጥ ብቻ ነው። አበቃ።

ፍጥነቱም ቢታወቅ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ትሪገር ወዲያው ይነሳል። አንዳንዱ ግን በየተወሰነ ደቂቃ እየሄደ አዲስ ነገር መኖሩን ይጠይቃል፤ በዛፒየር ነፃ ፕላን ይህ በየ15 ደቂቃው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «አልሠራም» ብሎ ካርዱን ደግሞ ይጎትታል። ሁለት ረቂቅ ይፈጠራል። ረቂቅ ስለሆነ ግን አንዱን ሰርዞ ማለፍ ይቻላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ድምፅ ሳያሰማ የሚቆመው መስመር ነው። የተሳሳተ ኢሜይል ቢያንስ ይታያል። እኛ ግን አንድ ጊዜ ከፎርሙ ወደ ሰሌዳው የሚመጣው መስመር ተቋርጦ ሳምንታት አለፉ። ግንኙነቱ የተከፈተው ሥራ በለቀቀ ልጅ አካውንት ነበር። አካውንቱ ሲዘጋ መስመሩም ሞተ። የስህተት ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ደግሞ ወደዚያው ወደተዘጋው ኢሜይል ነው። ሰሌዳው ላይ አዲስ ካርድ ሲጠፋ «ወሩ ቀዝቅዟል» ተባባልን። ሰዎቹ ግን ጽፈውልን ነበር፤ እየጠበቁን ነበር። ያ አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ መስመሮቹ የሚከፈቱት በቡድኑ የጋራ አካውንት ነው። ማስጠንቀቂያው ሁላችንም በምናየው የቻት ክፍል ይደርሳል። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ አንዳችን ፎርሙን በራሳችን ስም ሞልተን ካርዱ መምጣቱን እናያለን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ያቺ ባልደረባዬ አሁንም ካርዶቹን ትጎትታለች። ባለፈው ሳምንት አንዱን «ጸድቋል» ውስጥ አስገባች። ረቂቁ ተሠራ፣ ሊንኩ ካርዱ ላይ ተለጠፈ፣ የአንባቢው ተራ የእኔ ነበር። ስልኬ ላይ ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ቀን አልፎ ነበር። አስተካክዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ አንብቤ፣ ላክሁት።