ይድረስ ለክቡር የሳቅ ተቆጣጣሪ

ጉዳዩ፦ ጥርሳችንን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆቱም ብዙ አይቆይብንም፤ ኮሜዲ በተከፈተ ቁጥር ከች ይላሉ።

ሥራዎን የማያውቅ አንባቢ ካለ ባጭሩ ላስተዋውቅ። እርስዎ ፊልም ሲታይ ፊልሙን አያዩም፤ የሚያዩት የሰው ፊት ነው። አስቀያሚው ትዕይንት ሲመጣ አንገትዎ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሶፋው ይዞራል። ማን ሳቀ? ማን አልሳቀም? ማን ነው ጋቢው ውስጥ ገብቶ የሳቀው? ሁሉም ይመዘገባል። ፍርዱ የሚነበበው በማግስቱ፣ ምሳ ላይ ነው።

በሁለት ፈረቃ እንደሚሠሩም እናውቃለን። በአንደኛው ፈረቃ «በዚህ ትስቃለህ? ትንሽ አታፍርም?» ባይ ነዎት። በሁለተኛው «አልሳቅክም? አይ ፋራ! አልገባህም ማለት ነው» ባይ። አንዳንዴ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይሠራሉ፤ ቀን ለትልልቆቹ፣ ማታ ለጓደኞችዎ። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ደርቦ በሚሠራ ሰው አይፈረድም።

የቦራቱን ምሳ ግን ልንረሳልዎ አልቻልንም።

ቦራት የሚባለው ፊልም የቆየ ነው፤ በፈረንጆቹ 2006 የወጣ። ሳሻ ባሮን ኮኸን የሚባል እንግሊዛዊ ኮሜዲያን ቦራት የምባል የካዛክስታን ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ አሜሪካ ይገባና ያገኘውን ሁሉ ጉድ ይሠራዋል። ብዙዎቹ ካሜራው ፊት የቆሙት ሰውየው የምር ጋዜጠኛ መስሏቸው ነው። እርስዎ ዘግይተው በፍላሽ አገኙትና አዩት። በማግስቱ «ቀፋፊ! ነውረኛ!» እያሉ መጡ። እሺ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት?

አላቆሙም። ሽሮው ገና እየተንተከተከ ሳለ የሆቴሉን ትግል ጀመሩልን። ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ ወንዶች፣ ያውም አንደኛው ቦርጫም፣ መጀመሪያ አልጋ ላይ ሲተናነቁ፤ ከዚያ በኮሪደሩ ሲሯሯጡ፤ ከዚያ ሊፍት ውስጥ ከሰው ጋር ቆመው ሲወርዱ፤ በመጨረሻም ሱፍ የለበሱ ሰዎች የሞሉበት የስብሰባ አዳራሽ ሲገቡ። የማን ምን የማን ፊት ላይ እንዳረፈ ሳይቀር። ፊልም ሠሪዎቹ እንኳን አንዱን ቦታ በጥቁር ሸፍነውታል። እርስዎ መሸፈኛውን አንስተው ተረኩልን።

ከሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ጠቅልላ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። «ኧረ ማዕድ ላይ ነን!» አልንዎ። «እኮ! እኔስ የምለው ምንድን ነው? ምን ያህል ነውረኛ እንደሆነ አያችሁ?» ብለው ወደ እራት ግብዣው ትዕይንት ተሻገሩ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም፤ ይህን የሚያነብ ሰው እየበላ ሊሆን ይችላል። ያየ ሰው ከረጢቱን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን። ያን ሁሉ ዝርዝር እንዴት ያዙት? የምር የቀፈፈው ሰው አሥር ደቂቃ አይቶ ይነሳል። እርስዎ 84ቱንም ደቂቃ ጨርሰዋል። የሊፍቱን ነገር እንደዚያ አድርጎ ለመተረክ ደግሞ መልሶ ማየት ሳያስፈልግ አይቀርም። ሐሜት አይሁንብኝ።

የሚገርመው፣ ያን ሁሉ ሲተርኩ ሮዲዮውን፣ የካውቦዮቹን የፈረስና የበሬ ግልቢያ ትርዒት፣ ዘለሉት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሳለም በምትባል ከተማ የተቀረጸ ነው። ቦራት ሜዳው መሃል ማይክ ይዞ ቆሞ የኢራቁን ጦርነት ያወድሳል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ጆርጅ ቡሽ የኢራቅን ወንድ፣ ሴትና ሕፃን ሁሉ ደም ይጠጣ ብሎ ይመኛል። ጭብጨባው ይቀጥላል፤ ትንሽ ላላ ቢልም። ከዚያ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ወስዶ የካዛክስታን መዝሙር ነው ባለው ግጥም ይዘፍነዋል። አሁን ነው ጩኸትና ስድብ የሚወርድበት። ደም ይጠጣ ሲል ያጨበጨበ ሕዝብ ዜማው ሲነካበት ተቆጣ። ከፊልሙ ሁሉ እኔን የቀፈፈኝ ይሄ ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ልብስ ለብሷል።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ፈረቃዎ እጁን ያወጣል። «እኮ! ሙድ የተያዘው በእነሱ ላይ ነው! ይሄ ያልገባው ሰው ነው የሚቀፈው!» ይላሉ። ቀስ ይበሉ። ጸረ አይሁድነትን የሚታገል አንድ የታወቀ የአሜሪካ ድርጅት ያኔውኑ ስጋቱን ተናግሮ ነበር፤ አንዳንዱ ተመልካች ቀልዱን እንደ ቀልድ ሳይሆን ለጥላቻው እንደ ማጽደቂያ ይወስደዋል ብሎ። ኮኸን ራሱ አይሁዳዊ ነው፤ ድርጅቱም ይህን ያውቃል፣ ስጋቱ ግን አልቀረም። እነሱን ደግሞ ሄደው «ፋራ» ይበሏቸው።

ደግሞስ ግሎድን ምን ሊሉት ነው? ግሎድ ሩማንያ ውስጥ ያለች ደሃ መንደር ናት። የፊልሙ መክፈቻ ላይ የቦራት የትውልድ መንደር ተብላ የቀረበችው እሷ ናት። የመንደሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ ዶክመንተሪ ነው ተብለው፣ ጥቂት ብር ተሰጥቷቸው ተቀረጹ። ፊልሙ ሲወጣ ራሳቸውን ሌባ፣ አመንዝራና አውሬ ሆነው አገኙት። አንድ እጁን ያጣ ሰው ክንዱ ላይ የታሰረለት የጎማ ነገር ምን እንደሆነ እንኳን አላውቅም ነበር ብሏል። ከሰሱ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። በ18 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ፊልም ከ260 ሚሊዮን በላይ አስገባ። እስኪ ይንገሩኝ፣ እዚያ ሙድ የተያዘው በየትኛው አሜሪካዊ ላይ ነው? እርስዎ በየምሳው ስለ እኛ ጥርስ ሲከራከሩ፣ ለመቀየም እውነተኛ መብት ያለው ሰው እዚያ መንደር ቁጭ ብሎ ነበር። በሁለቱም ፈረቃዎ አንዴ ስሙን አንስተውለት አያውቁም።

ይልቅ በእርስዎ ሙያ የተካነ መንግሥት ላሳይዎ። ካዛክስታን መጀመሪያ ላይ እሳት ጎረሰች። ሰውየውን እንከሳለን ተባለ፤ የአገሪቱን መልካም ስም የሚያስተዋውቁ ገጾች ተከፍሎባቸው አሜሪካ ጋዜጣ ላይ ወጡ። በ2012 ኩዌት ውስጥ አንዲት የካዛክስታን ተኳሽ የወርቅ ሜዳሊያዋን አጥልቃ በክብር በቆመችበት የተለቀቀላት መዝሙር የቦራት ሆኖ ተገኘ። አዘጋጆቹ ከኢንተርኔት አውርደውት ነው። ሌላ ቁጣ! በዚያው ዓመት ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ብቅ ብለው ፊልሙን አመሰገኑ፤ የቪዛ ጥያቄ አሥር እጥፍ አድጎልናል ብለው። በ2020 ደግሞ የቱሪዝም መሥሪያ ቤታቸው የቦራትን «በጣም አሪፍ!» የምትል አባባል መፈክሩ አደረጋት። ከአንደኛው ፈረቃ ወደ ሁለተኛው ለመዛወር 14 ዓመት ፈጀባቸው። እርስዎ ከምሳ እስከ እራት ነው የሚጨርሱት።

ሳቅ በፈረቃ እንደማይመደብ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተው ፊልሙን ከእኛ ጋር ሲያዩ ታዝበዋል። ቦራት ካዛክኛ ብሎ የሚያወራው ባብዛኛው ዕብራይስጥ ነው፤ አብሮት የሚዞረው ቦርጫሙ ሰውዬ በአርመንኛ ይመልስለታል። እስራኤል የሚኖረው ያክስቴ ልጅ ታዲያ እኛ ዝም ባልንበት ቦታ ሁሉ መሬት እየደበደበ ይስቃል። ራቁታቸውን ሲሆኑ ግን ፊቱን አዞረ። ይሄ ልጅ ገብቶታል ወይስ አልገባውም?

እናቴን ይውሰዱ። ኒውዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ ዶሮዋ ከሻንጣው አምልጣ ሰው ሁሉ ሲንጫጫ እርስዎ ከሶፋው ሊወድቁ ደረሱ። እናቴ ፈገግም አላለች። ለፋሲካ ዶሮ ይዛ ስንት ታክሲ ላይ የወጣች ሴት ናት። «ምናለ እግሯን አስሮ ቢይዛት?» አለች፤ አዝና። ሰውየው ዶሮ አያያዝ አለማወቁ ነው የታያት። ለእኔ የእሷ አስተያየት ከፊልሙ በላይ አስቆኛል።

ከዚያ ትግሉ መጣ። መቼም የዚያን ሰዓት የአበሻ ሳሎን ያውቁታል። ሪሞቱ ጠፋ። አጎቴ ሳል ያዘው። ታናሽ እህቴ በድንገት ስልክ ተደወለላት፤ ስልኩ ቻርጅ ላይ ነበር። እናቴ «ጀበናው ገነፈለ!» ብላ ወጣች፤ ጀበና አልተጣደም። ኮሪደሩ ላይ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀች ይሁን እያማተበች አልጠየቅኳትም፤ ሁለቱንም ይሆናል። እርስዎ ግን ጠየቋት! ስትመለስ ጠብቀው፣ «እማማ፣ ያስቃል አይደል?» ከማለትዎ ሴትዮዋ ያን ቀን ሁለተኛ ሳሎን አልገባችም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ወደ ፊት ፊልም ስናይ ከፊት ይቀመጡልን። ከሁላችንም ፊት፣ ወንበርዎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ። ስለ ራስዎ ሆድና ስለ ራስዎ ጥርስ የፈለጉትን ይበሉ፤ ቢቀፍዎት ቀፈፈኝ፣ ቢያስቅዎት አሳቀኝ። አስተያየትዎን ማዕድ ከተነሳ በኋላ፣ እጅ ታጥበን ስናበቃ፣ ቡናው ከመቅረቡ በፊት እንሰማለን። ሊፍቱን ይዝለሉት።

ከሰላምታ ጋር
ጋቢ ውስጥ ገብተው የሚስቁ

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ክፍሏ ልጅ፤ ሽሮውን አስሞቀንልሻል፣ ነይ።
ለሪሞቱ፤ ባለበት።