ውዳሴ ለመካሪው ልቦለድ

ልቦለድ አንብቦ የጨረሰን ሰው «ማን ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ጊዜው ያለፈበት ነገር ሆኗል። የሠለጠነ አንባቢ የሚጠይቀው «ምን ያስተምራል?» ብሎ ነው። የሠለጠነ ሐያሲም «ትልቅ መልእክት ያለው ሥራ» ካለ በኋላ ስለ ሥራው ሊባል የሚገባው ሁሉ እንደተባለ ይቆጠራል። ይህን መልካም ልማድ ተክለው ላጸኑልን አንባቢዎችና ሐያስያን፣ በተለይም ጥያቄውን አስቀድመው ገምተው ከመልሱ በቀር ምንም ለማይጽፉ ደራስያን ተገቢው ምስጋና እስካሁን ስላልቀረበላቸው፣ ይህ ጽሑፍ ዕዳውን በጥቂቱም ቢሆን ለመክፈል ይሞክራል።

የልቦለድ አላባውያን የሚባሉት ታሪክ፣ ሴራ (ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት መንገድ)፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ መቼት (ጊዜና ቦታ)፣ የአተራረክ አንጻርና ጭብጥ ተደጋግፈው ካልቆሙ ሥራው አይጸናም ሲባል ኖሯል። የዚህ ስሕተት ምንጭ ሩቅ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ትራጀዲ ስለሚባለው አሳዛኝ ተውኔት ሲጽፍ ስድስት ክፍሎችን ዘርዝሮ፣ ሴራን አንደኛ፣ ገጸ ባሕርይን ሁለተኛ፣ ሐሳብን ደግሞ ሦስተኛ አደረገ። መካሪው ደራሲ ይህን የተዛባ ቅደም ተከተል አቃንቶ ሐሳብን በአንደኛነት አስቀምጧል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚባል ነገር እንዲኖርም አልፈቀደም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊደነቅ የሚገባው ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩበት መንገድ ነው። ሌሊት ነው፤ ጭር ባለ መንገድ ላይ አንድ ወጣት ዘራፊ የአንድ ሽማግሌ አንገት ላይ ጩቤ ደግኗል። ተራ ደራሲ ቢሆን ኖሮ የሽማግሌው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ኪሳቸው ሲገባ፣ ጩቤው ከሽማግሌው አንገት ይልቅ በያዘው ልጅ እጅ ምክንያት ሲንቀጠቀጥ አሳይቶ፣ አንባቢውን ያለ አንዳች ማብራሪያ ከነጭንቀቱ ይተወው ነበር። መካሪው ደራሲ እንዲህ ያለ ጭካኔ አያውቅም። ዘራፊው ጩቤውን ሳያነሣ፣ «አባቴ፣ እኔን ለዚህ ያበቃኝ ሥራ አጥነትና የመጥፎ ጓደኛ ግፊት ነው፤ ወጣቱ ትውልድ ከእኔ ሊማር ይገባዋል» ይላል። ሽማግሌውም አንገታቸው ላይ ስለት መኖሩን ለጊዜው ወደ ጎን ትተው፣ «ልክ ነህ ልጄ፤ ሆኖም የችግሩ መንስኤዎች በሦስት ይከፈላሉ» ብለው ይቀጥላሉ። ሦስቱም በየተራ ይብራራሉ። ከዚያ በኋላ ጩቤው የት እንደገባ አይታወቅም፤ ምናልባት እሱም ትምህርቱን እየተከታተለ ይሆናል።

በእነዚህ ልቦለዶች ውስጥ የሰባት ዓመቷ ሕፃን፣ ሐኪሙና የዕድሜ ልክ እስረኛው በአንድ ዓይነት አነጋገር ይናገራሉ፤ ሁሉም «ከዚህ በተጨማሪ» እና «ስለሆነም» ይላሉ። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ ሰዎች በሰው ልጆች እኩልነት የማያምኑ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ልቦለድን አስመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ጥናት ገጸ ባሕርያትን ጠፍጣፋና ድቡልቡል ብሎ ከከፈለ በኋላ፣ ድቡልቡሉ የሚታወቀው አንባቢን አሳማኝ በሆነ መንገድ ሊያስገርም በመቻሉ ነው ብሎ ነበር። እኛ ግን ለአንባቢ ጤንነት ስለምንጠነቀቅ አናስገርመውም። ክፉው ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ፊቱ ላይ ጠባሳ አለው፣ ሲስቅም ያስፈራል፤ ደጉ ሰው ደግሞ ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አይቆጣም፣ አይዋሽም፣ አይቀናም። በዚህም የተነሣ የትኛውን ገጽ ገልጠው ቢጀምሩ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገሩም፤ ይህ ደግሞ ሥራ ለሚበዛበት ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

ይኸው ፎርስተር «ንጉሡ ሞተ፤ ከዚያም ንግሥቲቱ ሞተች» የሚለው ታሪክ ነው፣ «ንጉሡ ሞተ፤ ከዚያም ንግሥቲቱ በሐዘን ሞተች» የሚለው ግን ሴራ ነው ሲል ልዩነቱን አስረድቷል። መካሪው ደራሲ ሦስተኛውንና የላቀውን ደረጃ ጨምሮበታል፦ «ንጉሡ ሞተ፤ ንግሥቲቱም ከልክ ያለፈ ሐዘን ጤናን እንደሚጎዳ ተገንዝባ ለመሰሎቿ ምክር መስጠት ጀመረች።» እንደሚታየው ንግሥቲቱ በሕይወት ተርፋለች፤ የሞተው ሴራው ብቻ ነው።

ግጭቱ የሚፈታበት ጥበብም የሚያስቀና ነው። የጥንት ግሪኮች ተውኔታቸው ሲወሳሰብባቸው አንድ አምላክ በማንሻ መሣሪያ ከላይ ወርዶ ነገሩን እንዲቋጭ ያደርጉ ነበር፤ አርስቶትልም መፍትሔው ከራሱ ከሴራው መምጣት አለበት ሲል ይህን ልማድ ነቅፏል። እንዲህ ላለው ወቀሳ ዛሬ ቦታ የለም፤ ምክንያቱም ማንሻውም አምላኩም ቀርተው በምትካቸው አንድ የጭነት መኪና ገብቷል። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ሲበድልና ሲያስለቅስ የኖረው ሰው፣ ማንም ሳይገጥመው፣ ምንም ሳያጣና ምንም ሳይመርጥ፣ መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ሲቀረው መንገድ ሲያቋርጥ ይገጫል። ሆስፒታል ተኝቶ ይጸጸታል፤ የበደላቸው ሁሉ አልጋውን ከብበው ይቅር ይሉታል፤ እሱም ኑዛዜውን በነጥብ በነጥብ አስቀምጦ ያርፋል። ከሹፌሩ በቀር የተጎዳ የለም፤ እሱንም የሚጠይቀው የለም።

መቼትን በተመለከተ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ደራሲውም ብዙ አላለም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ሁሉን አወቅ ተራኪው ነው። ሌሎች ተራኪዎች ሁሉን ቢያውቁ እንኳ የሚያውቁትን ቆጥበው ይናገራሉ፤ የእኛው ተራኪ ግን ንፉግ አይደለም። «እናትየዋ ከጦር ግንባር የመጣውን ደብዳቤ ሳትከፍት መልሳ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው» ብሎ ይጽፋል። (እውነት ለመናገር ይህች ዓረፍተ ነገር ክፉ አልነበረችም፤ ምን ያደርጋል፣ ብቻዋን አልተተወችም።) አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ብሎ በራሱ አእምሮ አንድ ነገር ሊያስብ የሚችልበት አደገኛ ክፍተት መኖሩን ተራኪው ወዲያውኑ ያስተውልና፣ «ይህን ያደረገችው የልጇን ሞት መስማት ፈርታ ነበር» ሲል ይደፍነዋል። ይህም አያስተማምንምና «ፍርሃት የሰው ልጅ ሁሉ ባሕርይ ነው» ብሎ ይመርግበታል። በመጨረሻም «እኛም ፍርሃታችንን አሸንፈን እውነታን መጋፈጥ ይኖርብናል» ሲል ያትመዋል። ደብዳቤው እስካሁን አልተከፈተም፤ የሚከፈትበትም ምክንያት የለም፤ ትምህርቱ ተገኝቷል።

መልእክቱ በመቅድሙ በራሱ በደራሲው፣ በመሐል በገጸ ባሕርያቱ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ በተራኪው፣ በጀርባ ሽፋኑም በሐያሲው ስለሚነገር፣ የጀርባ ሽፋኑን ብቻ ያነበበ ሰው አንዳች ነገር አያመልጠውም። ብዙ አመስጋኝ አንባቢዎች በዚሁ መንገድ እንደሚጠቀሙ ከአስተያየታቸው መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ደራስያኑ ድካማቸውን የሚያቀልላቸው አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ብቻ ቀርታለች፤ ይኸውም ሽፋኑን እንደተለመደው አሳምሮ አትሞ ገጾቹን ባዶ መተው ነው። አንባቢውም የተማረውን ማስታወሻ ይይዝበታል።