ከፕሪሚክሱ በፊት ፋጉሎው ይመርመር

ኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና የወተት ላም ማርባትን ካስፋፋ ወዲህ፣ አርቢዎች ሲገናኙ ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የፕሪሚክስ፣ ማለትም በመኖ ላይ በጥቂቱ የሚጨመረው የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ፣ ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚገቡት የቫይታሚን ድብልቆች፣ እንዲሁም ላይሲንና ሜቲዮኒን የተባሉት የፕሮቲን መሥሪያዎች በብር ሲሰሉ እጅግ ስለተወደዱ፣ ለአስመጪዎች ምንዛሪ በቅድሚያ ይመደብ ቢባል የሚያስገርም አይደለም። እኔም አልቃወምም፤ ነገር ግን ከዚያ የሚቀድም ሥራ ያለ ይመስለኛል።

ፕሪሚክስ በአንድ ኩንታል የዶሮ መኖ ውስጥ ያለው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ነው። የቀረው በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው የኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር ሲሆን፣ የፋጉሎው ፕሮቲን እንደ አጨማመቁና እንደ ንጽሕናው ከጆንያ ጆንያ ይለያያል። በፕሮቲን የጎደለን መኖ ቫይታሚን አይሞላውም። እንቁላል ሲቀንስ ግን አርቢው በአብዛኛው የሚቀይረው የፕሪሚክሱን ዓይነት ነው።

የካልሲየም ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ ዶሮዋ ከምትበላው ወደ ሰውነቷ የምታስገባው ግማሽ ያህሉን በመሆኑ በቀን ወደ አራት ግራም ያስፈልጋታል። ፉርሽካና ፋጉሎ ፎስፎረስ ቢበዛባቸውም ካልሲየማቸው ጥቂት ነው፤ ፎስፎረሱም ቢሆን በአመዛኙ ፋይቴት ከሚባለው ውህድ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ካልተጨመረ በስተቀር ዶሮ በደንብ አትጠቀምበትም። ኢንዛይሙ ከውጭ ይመጣል፤ የኖራ ድንጋዩ ግን እዚሁ አገር ውስጥ ሞልቷል። ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት፣ ዶሮዋ በማትበላበት ሰዓት በመሆኑ፣ ከኖራ ድንጋዩ ከፊሉ በደቃቁ ሳይፈጭ ጠጠር ብሎ ቢቀርብላት መኖ በሚፈጭበት ቋቷ ውስጥ ቆይቶ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ይህ የወንፊት ጉዳይ እንጂ የምንዛሪ ጉዳይ አይደለም።

ለከብቶችም ቢሆን አምስት ኪሎ ዩሪያ በውኃ አሟሙቶ በአንድ ኩንታል ገለባ ላይ መርጨትና አየር እንዳያገኝ ሸፍኖ ለሦስት ሳምንት ማቆየት የገለባውን የመፈጨት አቅም ያሻሽላል። ሳይለካ በብዛት የተሰጠ ዩሪያ ግን ይገድላል፤ ለጥጆችም አይሆንም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ያገኘ ሲሆን፣ ከአራቱ አንዱ ያህል በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበረበት፤ ዋና ምንጭ ሆኖ የተጠቀሰውም የኑግ ፋጉሎ ነው። እንደ ቤንቶናይት ያሉ ሸክላ አፈሮች መርዙን በከብቷ ሆድ ውስጥ አጣብቀው በመያዝ ወደ ወተት የሚያልፈውን ይቀንሳሉ። ይሁንና ምርመራ በሌለበት ገበያ ማጣበቂያውን ብቻ ማስፋፋት የሻገተ ፋጉሎ ለሚሸጠው ነጋዴ ሽፋን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በውኃ በጥብጦ ለጤነኛ ዶሮ መስጠት ደግሞ መኖን እንደ ማጎልበት ሊታይ አይገባውም። የአውሮፓ ኅብረት ለእድገት ማፋጠኛ ሲባል ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትን በመኖ መጨመርን ከጥር 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አግዷል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን እያንዳንዱ የመኖ ጆንያ የፕሮቲኑን፣ የካልሲየሙንና የተመረተበትን ቀን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲይዝ በጥብቅ ቢከታተልና ከገበያ የሚወስዳቸውን ናሙናዎች ውጤት በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ ቢያደርግ፣ አርቢው ምን እንደጎደለው አውቆ ያንን ብቻ ይገዛል። ለፕሪሚክስ ምንዛሪ ሲመደብም ከዚያው ላይ ለአፍላቶክሲን ፈጣን መመርመሪያ ድርሻ ይያዝ፤ መመርመሪያዎቹም በቅድሚያ ፋጉሎ በሚከማችባቸው የዘይት መጭመቂያዎችና በወተት መሰብሰቢያ ማዕከላት ይቀመጡ።