«አብሽሪ» ተብዬ የወጣሁ ዕለት

ባለፈው ወር በምኖርበት በሚኒሶታ ከአንዲት ነርስ እጅ የተቀበልኩት አንድ ገጽ ወረቀት እስካሁን ከጠረጴዛዬ ላይ አልተነሣም። በቀኝ በኩል የነበረው የመጨረሻው መንጋጋ፣ የጥበብ ጥርስ የሚሉት፣ ከተነቀለ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የተጻፈበት ነው። ጉንጬ አብጦ እያነበብኩት ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። የሕመም እንባ አልነበረም። መስመሩ «እንትፍ አይበሉ» ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት የግራው ደሴ ላይ ሲነቀል እኔ ከሐረጎ አናት እስከ ኮምቦልቻ እንትፍ እያልኩ ነው የወረድኩት።

ያኔ እናቴን ልጠይቅ ኮምቦልቻ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ድዴ አብጦ አፌን መክፈት አቃተኝ። ሰው ሁሉ ደሴ ያለ አንድ ሐኪም አመሰገነልኝና በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወጣሁ። የሐኪሙን እጅ ዛሬም አመሰግናለሁ። ራጅ አስነሥቶ ጥርሱ አጋድሞ መብቀሉን አሳየኝ፤ ማደንዘዣ ወግቶ፣ ጥርሱን ለሁለት ከፍሎ አወጣውና ሰፋኝ። አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ከዚያ የታጠፈ ጎዝ አስነከሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ሰጠኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አብሽሪ፣ ምንም አይልሽም» አለኝ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም። ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ቆሟል።

የወሎ ሰው «አብሽሪ» ሲልሽ ልብሽ ያርፋል። እኔም ልቤ አርፎ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎዙ ደም ጠጥቶ ሲከብደኝ አውጥቼ ጣልኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጉንጬን አይተው «ምነው ልጄ?» አሉኝ፤ በእጄ አመለከትኳቸው። ወዲያው ከዘንቢላቸው ጥቁር ፌስታል አወጡና «እንዳትውጪው፣ የታመመ ደም ነው፣ ትፊው» ብለው አስጨበጡኝ። መኪናው በየጠመዝማዛው በዞረ ቁጥር ጭንቅላቴን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ዱዓ እያደረጉልኝ አብረን ወረድን። ስንደርስ ሒሳቤን ሳይቀር ከፍለውልኝ ነበር። የእጃቸው ሙቀት አሁንም ጉንጬ ላይ አለ።

ቤት ገብቼ ጋደም ሳልል ጎረቤት ሞላ። አንዱ «እግዚአብሔር ይማርሽ»፣ አንዷ «አላህ ያሽርሽ» እያሉ ከበቡኝ። ቡና ተፈላ። አቦሉን በትኩሱ ጠጣሁ፣ ቶናውንም ደገምኩ። ማታ አክስቴ ጨው በሙቅ ውሃ በጥብጣ «በደንብ ተጉመጥመጪ፣ ቁስሉን ያጥበዋል» አለችኝ፤ ጉንጬ እስኪዝል ተጉመጠመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለልኝ፣ ዳንኩ አልኩ። ሌሊቱን ግን ከጥርሱ ጉድጓድ የተነሣ ሕመም ጆሮ ግንዴን ሰንጥቆ ከአልጋ አስነሣኝ። ማስታገሻው ምንም አልመለሰውም። እናቴ በባትሪ አፌን አብርታ ስታይ ጉድጓዱ ባዶ ነው፤ ከሥሩ አጥንቱ ነጥቶ ይታያል። ባትሪው በእጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ ደም ይረጋል። ያ የረጋ ደም እንደ ቆሻሻ የሚተፋ አይደለም፤ አጥንቱንና ነርቩን የሚሸፍን ክዳን ነው፣ አዲሱ ሥጋም የሚበቅለው እዚያው ላይ ነው። እንትፍ ሲባል፣ በስትሮ ሲመጠጥ፣ በኃይል ሲጉመጠመጡ፣ ሲጋራ ሲጨስ ክዳኑ ሊነሣና አጥንቱ ሊራቆት ይችላል። ሐኪሞች ድራይ ሶኬት ይሉታል፤ በታችኛው መንጋጋ ላይ ይበዛል። ተጠንቅቆም የሚደርስበት ሰው አለ። እኔ ግን የምጠነቀቀውን እንኳን አላወቅኩም።

ጎሕ ሲቀድ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት የተነከረ ጎዝ አስገባበት። ሽታው የቅርንፉድ ነው፤ አያቴ ጥርሷን ባመማት ቁጥር የምትነክሰው ቅርንፉድ። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ረገበ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። አልተቆጣም፤ «ለሚጠይቀን እንነግራለን» አለኝ።

ይህች መልስ ከሕመሙ ይልቅ ታንገበግበኛለች። ጎዝ የነከሰ ሰው በምን አፉ ይጠይቃል? ስለማያውቀው ነገርስ ምን ብሎ? እኔ ሆቴል ማደርም፣ ተመላልሼ መታከምም የምችል ነኝ። ከኩታበር ወይም ከወረኢሉ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ፣ ለትራንስፖርቱ የተበደረ ገበሬስ በአራተኛው ቀን ምን ይሆናል? ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።

የሚኒሶታዋ ነርስ እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ሰጥታኛለች። «ጎዙን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነክሰሽ ቆዪ፤ ዛሬ ትኩስ አትጠጪ፤ ጉንጭሽ ላይ በረዶ 20 ደቂቃ አድርጊ፣ 20 ደቂቃ አንሺ፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ የምትጉመጠመጪው ከነገ ጀምሮ ነው፣ እሱንም በቀስታ።» በጣቷ መስመር በመስመር እያሳየች ካነበበችልኝ በኋላ መልሼ እንድነግራት አደረገች። በማግስቱም ደወለች። ቁስሉ ያለ ችግር ዳነ።

እዚያም ቢሆን የቆረጠኝ ነገር አለ። በደም ሥር በሚሰጥ ማስተኛ ስለሚሠሩ የሚወስድሽ ሰው ከሌለ ወንበሩ ላይ አያስቀምጡሽም፤ ታክሲ አይቆጠርም። «ማን ይወስድሻል?» ሲሉኝ የምጠራው ስም አጣሁ። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተላለፈ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የቀን ደመወዟን ትታ ወሰደችኝ፤ ማታ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ሄደች። ወረቀቱ «የመጀመሪያውን ሌሊት ሰው አብሮዎት ይደር» ይላል። ለብቻዬ በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ ጉንጬ ላይ ይዤ ስቀመጥ፣ ያቺ ጥቁር ፌስታል ትዝ አለችኝ።

ወረቀቱን በአማርኛ ጽፌ ደሴ ላለው ወንድሜ ላክሁለት፤ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ለሐኪሙ እንዲያደርስልኝ። ለእናቴ ደግሞ በስልክ አነበብኩላት። «ትኩስ አትጠጪ» የሚለው ላይ ስደርስ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ» ስል፣ «ያንን ቡና ያፈላሁት እኮ እኔ ነኝ ልጄ» አለችኝ።