አባዬና የእንግሊዝ ሳር ቤት

አባዬ ከመንዝ እኔ ዘንድ ለንደን የመጡት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ፀሐይ ገና በአሥር ሰዓት በምትጠልቅበት ወቅት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዩት ነገር ቢኖር ቀይ አውቶቡስና ሰላምታ የማይመልስ ጎረቤት ነው። አንድ እሁድ ማታ ግን ስለ እንግሊዝ ገጠር ዘጋቢ ፊልም ተጀመረና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። ጉም የለበሰ ተራራ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ።

«ይሄማ የኛው መሐል ሜዳ ነው!»

«አይደለም አባዬ፣ ዮርክሻየር ነው።»

«ስሙን ለውጠውት ነው እንጂ መሐል ሜዳ ነው።»

አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው የታመመ ሰው ሊጠይቅ እንደገባ ነው። ቦቲው ላይ አንዲት ጠብታ ጭቃ የለም፤ አባዬ መጀመሪያ ያዩትም እሱን ነው። «ይሄ ሰውዬ ገበሬ አይደለም፤ ግብር ሰብሳቢ ነው» ብለው ፈረዱ። እዚህ አገር ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ ከተሜ ነው፤ እሁድ ማታ ሲሆን ግን ሁሉም ሶፋው ላይ ተጋድሞ ገበሬ ይሆናል።

ከዚያ የእረኛ ውሻ መጣ። እረኛው ካለበት ሳይነቃነቅ ያፏጫል፤ ውሻው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየዞረ በጎቹን ሰብስቦ በረት ያስገባል። ውድድርም አለው፤ ቢቢሲ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት በቴሌቪዥን ሲያሳየው ኖሯል። አባዬ ውሻውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሰባት ዓመት በግ አስጠብቄሃለሁ። አንድ ቀን በፉጨት ዞረህ ታውቃለህ?» ልጄ በሳቅ ፈረሰች። «እንግሊዝኛውም ካንተ ሳይሻል አይቀርም» ብለው ጨመሩላት።

ለብዙ ገበሬ የበጉ ሱፍ የሸላቹን ዋጋ እንኳ እንደማይሸፍንና አንዳንዱ እንደሚያቃጥለው ባልተረጎምኩላቸው ይሻል ነበር። «ስንት ባና ይወጣው ነበር!» እያሉ ሌሊቱን ሁለቴ ቀስቅሰውኛል።

ካቡ ጋ ስንደርስ አባዬ ተመልካችነታቸውን ትተው አለቃ ሆኑ። የእንግሊዝ ካብ ጭቃም ሲሚንቶም አያውቅም፤ ግራና ቀኝ ሁለት ገጽ ሆኖ ይካብና መሐሉ በጠጠር ይጠቀጠቃል፣ በረጃጅም ማሰሪያ ድንጋይም ይያያዛል። ሠራተኛው አንዷን ድንጋይ አንሥቶ ሲያመነታ አባዬ «አዙራት! በሆዷ አስተኛት!» ብለው ጮኹበት። ሰውዬው አዞራት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቴሌቪዥኑ እንደሚሰማቸው አልተጠራጠሩም።

አቅራቢው ቀጠለና ከተሜዎች ቅዳሜና እሁድ ገንዘብ እየከፈሉ ካብ መካብ እንደሚማሩ ተናገረ።

«ተከፍሏቸው ማለትህ ነው?»

«ከፍለው ነው አባዬ።»

«ጠላስ?»

«ጠላ የለም።»

ዝም አሉ። የላይኛው ማሳ ካብ ከፈረሰ ሦስት ክረምት ሆኖታል፤ ደቦ ቢጠራ ጠላው፣ እንጀራው፣ ወጡ አለ። «እነዚህን ልጆች» አሉ በመጨረሻ፣ «ደብዳቤ ጽፈህ ልትጠራልኝ አትችልም?»

ፊልሙ የካቡን ውበት ሲያወድስ ማን እንዳስካበው በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘሎት አለፈ። እኔ ግን ለአባዬ ነገርኳቸው፤ ከ1604 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ፓርላማው መሬት በአጥር የሚያስከልል ከ5,200 በላይ ሕግ አወጣ፣ 6.8 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን የጋራ ማሳና ግጦሽ ታጥሮ የግል ሆነ፣ ብዙው ካብም የዚያ ዘመን ነው። አንዲት ላም የነበረችው ድኻ ላሚቱን የሚያሰማራበት አጣ፤ ብዙው ወደ ከተማ፣ ወደ ፋብሪካ ተሰደደ። የመንዝ ሰው ርስት ሲባል ይነቃል።

«ታዲያ አሁን ይሄን የሚያዩት የነዚያ የልጅ ልጆች ናቸዋ?»

«ብዙዎቹ ይሆናሉ።»

«ርስታቸውን በመስኮት እያዩ ነዋ!»

ፊልሙ ሱመርሴት ሲደርስ ደግሞ ጨለማ ነው። ሰዎች ችቦ ይዘው አንድ የፖም ዛፍ ከበዋል። ሥሩ ላይ ሳይደር የሚባለውን የፖም መጠጥ ያፈሳሉ፣ በሱ የተነከረ ዳቦ ቅርንጫፉ ላይ ይሰቅላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ክፉ መንፈስ እንዲሸሽ ጠመንጃ ይተኩሳሉ። አባዬ አማተቡ። «አድባር! እኛን የንስሐ አባታችን ሲገዝቱን የኖሩት ለዚሁ አይደል? እነሱ ጭራሽ በቴሌቪዥን!»

ይቅር ያሏቸው ቀኑን ስነግራቸው ነው። እንግሊዝ በ1752 የቀን መቁጠሪያዋን ስትቀይር 11 ቀን ዘለለች፤ ሴፕቴምበር 2 ማታ የተኛ ሰው ሲነቃ ሴፕቴምበር 14 ሆኖ ጠበቀው። እዚያው ሱመርሴት ያለው የካርሃምፕተን መንደር ሰዎች ግን ዛፋቸውን እስከ ዛሬ የሚያከብሩት በአሮጌው አቆጣጠር ነው፤ ጃንዋሪ 17 ማታ፣ በኛ ጥር 9፣ የከተራ ዋዜማ። «ጎሽ!» አሉ አባዬ። «ሰው እንዲህ ነው። መንግሥት ስላለው ብሎ ቀን አይቀይርም።»

ማሳረጊያው ዴቨን ነበር። ነጭ ግድግዳ፣ ወፍራም የሳር ክዳን፣ በሩ ላይ ሻይ የሚጠጡ ባልና ሚስት። አባዬ ከልባቸው አዘኑ።

«ልጅ የላቸውም?»

ጥያቄው ገባኝ። እሳቸው ከሳር ቤት ለመውጣት ሠላሳ ዓመት ጠብቀዋል፤ ቆርቆሮውን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ለንደን ሳህን አጥቤ። እንግዲህ ቀስ ብዬ አስረዳሁ። ይህ የድኻ ቤት አይደለም። ክዳኑን ለማሳደስ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፣ የእሳት ኢንሹራንሱ ይወደዳል፣ ወፍ እንዳይጎተጉተው ሽቦ መረብ የሚለብስም አለ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ ባለቤቱ ተነሥቶ ቆርቆሮ ላልብስ ቢል ሕግ ይይዘዋል።

«ሕግ?»

«ሕግ።»

ያን ማታ እራት በቅጡ አልበሉም። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጋ አስደወሉኝ። የማድቤቱ ሳር ተነሥቶ ቆርቆሮ ሊለብስ ነበር፤ ብሩን የላክሁት በኅዳር ነው።

«አንቺ! የማድቤቱን ሳር እንዳታስነኪ! እዚህ አገር መኳንንቱ ናቸው የሚኖሩበት!»

እናቴ ጥቂት ዝም አለች።

«አንቱ፣ እንግዲያውስ ሲመለሱ መኳንንቱን ይዘዋቸው ይምጡ። በሚያፈሰው በኩል አነጥፍላቸዋለሁ። ቆርቆሮው ደግሞ ትናንት በአህያ ተጭኖ መጥቷል።»