አገልግሉን ይዛችሁ አትገቡም

ገና አሁን ነው የገባነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ልጆቹን እንደተኙ ተሸክመን አስገባናቸው። እናቴ ራሴን አሞኛል ብላ ጋደም ብላለች። እኔ ግን ይህን ሳልተነፍሰው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰው እንዴት ምሳውን ይዞ ውኃ ዳር መቀመጥ ይከለከላል? እስቲ የሚያውቅ ያስረዳኝ።

እናቴን ሐይቅ እወስድሻለሁ ካልኳት ዓመት አልፎኛል። አንዴ ጸጥታው፣ አንዴ የልጆቹ ፈተና፣ አንዴ ገንዘቡ ሲያስተጓጉለን ከረመ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እኮ! እሷ ደግሞ ብዙ ነገር አትጠይቅም። የምትፈልገው ውኃው ዳር ቁጭ ብላ እስጢፋኖስን ከማዶ መሳለም ብቻ ነው። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት አትገባም። ይህን አክብራ ነው የኖረችው፤ ቅር ብሏት አያውቅም። አያቴም ከዳር ሆና ነበር የምትሳለመው። "አባ ኢየሱስ ሞዐ የጸለዩበትን ቦታ በዓይኔ ካየሁ ይበቃኛል" ትላለች። ከ700 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ደብር ነው። ለእሷ የሐይቁ ዳርቻ መዝናኛ አይደለም። በሩ ነው። ሌላ በር የላትም።

ጎረቤታችን ሐጂያም አብረውን ነበሩ። እሳቸው ጉዳያቸው ቡና ነው። ጀበናውን፣ ስኒውን፣ ረከቦቱን፣ ከሰሉን ሁሉ ጠቅልለው ይዘዋል። ውኃ ዳር አቦሉን አፍልተው፣ ቶናውን አስከትለው፣ በረካው ላይ ዱዓ ሊያደርጉልን ነው።

ምግቡን ልንገራችሁ። እናቴ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ወጥ ቤት ዋለች። ሁሉንም የጾም አደረገችው። ሐጂያ የእኛን ሥጋ አይበሉም፤ እኛም የእሳቸውን አንበላም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ስልጆ ከሆነ ግን ሁላችንም ከአንድ ገበታ እንቆርሳለን። ወሎ እንዲህ ነው የሚበላው። እናቴ አገልግሉን ራሱ ከቆጥ አውርዳ፣ ቆዳውን ቅባት ቀብታ አለስልሳዋለች። የአያቴ አገልግል ነው።

እንግዲህ ይህን አገልግል ነው ሐይቁ ዳር ባለው የታጠረ መዝናኛ በር ላይ ያስፈተሿት።

በሩ ላይ የቆመው ልጅ ከሃያ ዓመት ብዙም አያልፍም። መግቢያ በነፍስ ወከፍ 100 ብር ነው አለን። ለልጆቹም ጭምር። ስድስት ሰው ነን፤ 600 ብር ከፈልን። ምንም አላልንም። እናቴ እግሯን አንስታ ልትገባ ስትል ልጁ እጁን ዘረጋ።

"እማማ፣ የያዙት ምንድን ነው?"

"ምሳችን ነው ልጄ።"

"ይክፈቱት።"

እናቴ የመሰላት ልጁ የራበው ነው። እውነቴን ነው። "ውይ ልጄን፣ ሳትቀምስ ነው እንዴ የቆምከው?" አለችው። መሬት ላይ በርከክ ብላ ጠፍሩን መፍታት ጀመረች። ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ቋጠሮ ቶሎ አይፈታላትም። እኛ ቆመን እናያለን፤ ከኋላችን የመጡ ሰዎችም ቆመው ያያሉ። ክዳኑን አነሳችው። የሽሮው ሽታ ወጣ። ከዳር ቆርሳ ጠቀለለችና ወደ እሱ ዘረጋች። "እንካ ጉረስ።"

ልጁ ጉርሻውን አላየውም። አገልግሉን ነው የሚያየው። "ምግብ ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው" አላት። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

ያቺ የተዘረጋች እጅ አሁንም ፊቴ ላይ አለች። በማርያም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

"ማነው የከለከለው?" አልኩት።

"መመሪያ ነው።"

"የማን መመሪያ?"

"የባለቤቱ።"

"የምኑ ባለቤት? የሐይቁ?"

ዝም አለ። ከዚያ "እህቴ፣ ሥራዬን አታበላሺብኝ። ውስጥ አሳ አለ፣ ሁሉ ነገር አለ። ይህን እዚህ አስቀምጡትና ግቡ፤ ስትወጡ ትወስዱታላችሁ" አለኝ። እዚህ ያለው የት መሰላችሁ? ጄኔሬተሩ አጠገብ፣ የባዶ ቢራ ሳጥን ላይ። የአያቴን አገልግል! እህል ያለበትን!

ሐጂያ ጀበናቸውን አቅፈው "ልጄ፣ እኛ ልጅ ሆነን ይህ ውኃ የሁሉም ነበር እኮ" አሉት በለሰለሰ ድምፅ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እሱ እንኳ ትንሽ አፍሮ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ነው ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር አለቃ ቢጤ የመጣው። ማን ምን እንዳለ አልጠየቀም። ሰላምታ የለ፣ እማማ የለ። ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ሐይቁን ለማየት ብቻ ከሆነ ከመንገዱ ላይም ይታያል።"

ከመንገዱ ላይም ይታያል! እናቴን! ተሳልማ ልትመለስ የመጣችን ሴት!

ወንድሜ "እሺ፣ ብራችንን መልሱልን" አለ። "ደረሰኝ ተቆርጧል፣ አይመለስም" ተባለ። የተቆረጠው ደረሰኝ ግን እጃችን ላይ አልነበረም። ማንም አልሰጠንም። ወንድሜ ድምፁ ከፍ ማለት ሲጀምር እናቴ ጠፍሩን መልሳ እያሰረች "ተው ልጄ፣ እህል ይዘን አንጨቃጨቅ" አለች። በዚህ ተለያየን።

እኔ እኮ ነጋዴ አይሥራ አላልኩም። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ስንቱ ንብረቱን እንዳጣ እኛው አይተናል፤ እኛም አጥተናል። ከዚያ ተነስቶ ቤቱን መልሶ የከፈተን ሰው አመሰግነዋለሁ። አሳውን ይሽጥ። ጥላውን ያከራይ። ወንበሩን ያስከፍል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሁሉም አጥር እያጠረ ውኃው ድረስ ከወረደ፣ ምሳውን ይዞ የመጣ ሰው የት ይቀመጥ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሐይቅ የተፈጥሮ ሀብት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አሳውም ቢሆን፣ ያ ውስጥ አለ የተባልነው ቆሮሶ፣ ድሮ እዚያ ሐይቅ ውስጥ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። ለሕዝብ ተብሎ ነው የተጨመረው።

መግቢያ 100 ብር ስከፍል ደግሞ በምላሹ የሆነ ነገር እጠብቃለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዳርቻው ሃይላንድ በሃይላንድ ሆኗል። ቄጠማው ውስጥ የዳይፐር ክምር አለ። አንድ የቆሻሻ በርሜል አላየሁም። ይህ ሐይቅ እኮ መውጫ የለውም! የአንከርካ ወንዝ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ ወርዶ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የወደቀበት ነገር እዚያው ነው የሚቀረው። የዛሬ ዓመት የተጣለው ፕላስቲክ ዛሬም አለ፤ ልጆቼ ልጅ ሲወልዱም ይኖራል። ምግብ የከለከሉት ለንጽሕና ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ የእናቴ አገልግል ፕላስቲክ የለውም። ስፌትና ቆዳ ነው። እንጀራው ራሱ ሳህን ነው።

ጀልባውም እንደዚያው። አሥር ሰው ተጭኖ ሲሄድ አየሁ። የሕይወት አድን ጃኬት የለበሰ አንድም የለም። ይህ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። 80 ሜትር! ለአገልግል ጠባቂ ያቆመ ሰው ለጀልባው ምነው አላቆመ?

መጸዳጃውንም አልተወውም። እናቴ ስኳር አለባት። ውኃ ሽንት በየሰዓቱ ነው። መጸዳጃው ከበሩ ውስጥ ነው፤ ከበሩ መልሰውናል። ሐይቅ ከተማ ድረስ ይዛ ሄደች። አንዲት ምግብ ቤት ለምነን አስገባናት። መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። መስኮቱን ብቻ ይዛ ነበር። ይህን ሳስበው ነው የሚያንገበግበኝ።

ደግሞ የዛሬ ብቻ ቢሆን ምን አለበት። አምና ልጆቹን ደን እናሳድራቸው ብለን ድንኳን ተውሰን ወጥተን አልነበር? ጽድና ወይራ እየሸተታቸው፣ ኮከብ እያዩ እንዲያድሩ። ጥበቃው "ከቢሮ ደብዳቤ አምጡ" አለ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ቢሮው የሚከፈተው ሰኞ ነው። ሰኞ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ታዲያ ደኑን ማን ይየው? ድንኳኑን ግቢያችን ውስጥ ተከልንላቸው። ልጄ "እማ፣ እዚህ የመብራቱ ብርሃን ኮከቡን ከለከለን" አለኝ። ልጆቻችን ዛፍ ሳያውቁ እያደጉ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተተክለው ስንቆጣቸው እንውላለን። የት እንውሰዳቸው?

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ፣ ሚሌን አልፎ አሰብ። ሁልጊዜ የሚያወራልን ስለ ባሕሩ ነበር። ጭነቱን አራግፎ ሱሪውን ጠቅልሎ ይገባ ነበር። "ባሕር ዳር ማንም ማንንም ለምን መጣህ አይለውም" ይለን ነበር። ከ1985 ወዲህ ያ ባሕር የሌላ አገር ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ለእኛ ባሕራችን ሐይቅ ነው፤ አርዲቦ ነው። እሱም ታጠረ።

ምሳችንን የት በላን መሰላችሁ? አስፋልቱ ዳር። አንዲት በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ጠርታን ነው። "ኑ እማማ፣ እዚህ ጥላ አለ" ብላ የራሷን በርጩማ ለእናቴ ለቀቀችላት። ለሐጂያ ከሰሏን ገፋ አድርጋ ለጀበናው ቦታ ሰጠቻቸው። መግቢያ አልጠየቀችንም። ኢሱዙ ባለፈ ቁጥር አቧራው ገበታው ላይ ያርፋል፤ እናቴ በነጠላዋ ትከልላለች። ሴትዮዋም ከእኛ ጋር ቆረሰች። ሐጂያ በረካው ላይ ዱዓቸውን አደረጉ። ስሟን ጠይቀው ለእሷም አደረጉላት። እናቴ ከበርጩማው ተነስታ ወደ ማዶ ዞረች። የባሕር ዛፉና የቆርቆሮው አጥር ጋርዶታል፤ ገዳሙ አይታይም። እንዲያም ሆኖ ሦስት ጊዜ አማተበች።

ከመንገዱ ላይም ይታያል ያልከው ሰውዬ፣ አይታይም።

አሁን የማወራው ከእናንተ ጋር ነው። ከደሴም ሆናችሁ ከኮምቦልቻ፣ ከመርሳም ሆናችሁ ከወልድያ፣ ተሁለደሬ ያላችሁ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ሐይቅ ዳር አጥር ያልደረሰበት፣ እስጢፋኖስ የሚታይበት፣ ሰው ምሳውን ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ የቀረ ካለ ንገሩኝ። በአሮጊት እግር የሚደረስበት ይሁን። መጸዳጃ በአቅራቢያው ካለ እሱንም ጻፉልኝ። አገልግሉ አልተራገፈም፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው። በሚቀጥለው እሑድ እናቴን መልሼ እወስዳታለሁ።