እሱና ጓደኛው

ባለፈው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ነበር። ከአንድ ወዳጄ ጋር 60 ወንበር ከመኪና አወረድን፤ ማታ መልሰን ጫንን። ወገቤ እስካሁን ወደ ቦታው አልተመለሰም። የልጁ አባት ማይክ ይዞ ሲያመሰግን የወዳጄን ስም ከነአባቱ ጠራና «...እና ጓደኛው» አለ።

ጓደኛው እኔ ነኝ።

ቂም እንዳይመስላችሁ። (ቂም ነው።) የወንድሜ ሰርግ ቪዲዮ ላይም ኬኩን ለሁለት ስንሸከም የሚታየው የኔ ቀኝ እጅ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ይሄ እጅ የኔ ነው» እያልኩ ለእንግዳ አስረዳለሁ።

እንዲህ ሲያደርጉኝ ሉ ዊታከር ትዝ ይለኛል። ቤዝቦል የማትወዱም ታገሡኝ። ዊታከርና አለን ትራመል ለዲትሮይት ታይገርስ መጫወት የጀመሩት በአንድ ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ 1977። ከዚያ እስከ 1995 ጎን ለጎን። አንዱ ኳሷን ያነሳል፣ ሌላው ተቀብሎ ይወረውራል። የ1984ን ዋንጫም አብረው በሉ። ዊታከር ኳስ መትቶ ቤዝ የያዘው 2,369 ጊዜ ነው፤ ሆም ራኑ (ኳሷን ከሜዳ ውጭ የላከበት) 244። ትራመልስ? 2,365 እና 185።

እስቲ ወንበሩን ቁጠሩልኝ!

ትራመል በ2018 ኩፐርስታውን፣ የቤዝቦል ታላላቆች በድምፅ ተመርጠው የሚገቡበት የዝና አዳራሽ ገባ። ይገባዋል፤ የተጫወተበት ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ) ቀላል ቦታ አይደለም፣ የ1984ቱ ፍጻሜ ኮከብም እሱ ነበር። ዊታከር ግን በ2001 ያገኘው ድምፅ 2.9 በመቶ ብቻ። ከ5 በታች ያገኘ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። በመጀመሪያው ዓመት፣ አለቀ። በ2019 ደግሞ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴ ሲባል መቼም ታውቁታላችሁ። ከ16ቱ 12 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 6 ሰጡት።

አያቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። ይህን ተረት እንዴት እንደምወደው! ዊታከርም ወሬ የሚያበዛ ሰው አልነበረም። ችግሩ ድምፅ የሚሰጡት ጋዜጠኞች መሆናቸው ነው። ወሬ እንጀራው የሆነ ሰው ለዝምተኛ ምን ብሎ እጁን ያወጣል? አያቴ ትማረኝ እንጂ፣ ዝም ነቅዟል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ማሊያው ነው። ሰውዬው በ1985 የኮከቦች ጨዋታ ማሊያውን ረስቶ ሄደ። እዚያው ስታዲየም ለደጋፊ የሚሸጠውን ገዙለትና ቁጥሩን ጀርባው ላይ በማርከር ጻፉበት። ቁጥሩም 1። ያንን ማሊያ ስሚዝሶኒያን ጠይቆ ወሰደው። ማሊያው ሙዚየም ገባ፣ ባለቤቱ ደጅ ቀረ!

ምን ነበር የጀመርኩት? አዎ፣ ወንበር። ቅዳሜ ደግሞ ሰርግ አለ፤ ወንበሩ 200 ነው አሉ። እሄዳለሁ። ማርከር ገዝቻለሁ፤ ስሜን ከነአባቴ ጀርባዬ ላይ የሚጽፍልኝ ሰው ነው የጠፋው። ወዳጄን ልጠይቀው ይሆን?